የዋሸ ተወካይና የደሴት መራጮች፦ ስለ ካርማይክል ጉዳይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኦርክኒና ሼትላንድ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሕር ላይ ያሉ ደሴቶች ናቸው። በብሪታንያ ፓርላማ ለሁለቱ ያለው አንድ ወንበር ነው። ሕዝቡ ተደምሮ 45 ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። ከስኮትላንዷ የወደብ ከተማ ከአበርዲን ወደ ሼትላንዷ ሌርዊክ የሚሄድ ሰው መርከብ ላይ ያድራል። እንዲህ ያለ ቦታ የፓርላማ ተወካይ በቴሌቪዥን ብቻ የሚታይ ሰው አይደለም። መርከብ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ሱቅ ውስጥ ታገኙታላችሁ፣ ሰውም በስሙ ይጠራዋል።

በ2015 (ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከመራጮቹ ብዙዎቹ በተወካያቸው በአሊስተር ካርማይክል ላይ ተነሱበት። አራት የኦርክኒ መራጮች ደግሞ ፍርድ ቤት ገተሩት። ጉዳዩ ሲነሳ ግን እስካሁን ግማሹ ተዛብቶ ነው የሚወራው። እኔን ያንገበግበኛል። የትም አገር ያለ መራጭ «ተወካዬ ዋሸኝ፣ አሁን ምን ላድርግ?» ብሎ ሲነሳ የሚገጥመውን ነገር ከዚህ የበለጠ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

«ሰነድ ነው ያሾለከው፤ ይሄን ደግሞ ፖለቲከኛ ሁሉ ያደርገዋል»

ሰዉን ያስቆጣው ማሾለኩ ሳይሆን ውሸቱ ነው። ካርማይክል በወቅቱ የስኮትላንድ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። ለምርጫው አንድ ወር ያህል ሲቀር ዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጣ ከእሱ መሥሪያ ቤት የወጣ ማስታወሻ አተመ። ስኮትላንድ ነፃ አገር ትሁን የሚለው የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ መሪ የነበረችው ኒኮላ ስተርጅን ለፈረንሳይ አምባሳደር ከተቃዋሚው የሌበር ፓርቲ መሪ ይልቅ ዴቪድ ካሜሮን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ቢቀጥል እንደምትመርጥ ነግራለች ይላል። ፓርቲዋ ካሜሮንን ከሥልጣን እናስወጣለን እያለ በሚቀሰቅስበት ሰዓት ይሄ ቀላል ወሬ አልነበረም።

ማስታወሻውን ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ግን ወሬው ሦስተኛ አፍ ላይ የደረሰ ነው። ስተርጅን ከአምባሳደሯ ጋር ተነጋገረች፤ ስለ ውይይቱ የፈረንሳይ ቆንስል ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነገረ፤ ሠራተኛው ጻፈው። ጸሐፊው ራሱ እንኳ ጥርጣሬ ገብቶት፣ ከቋንቋ ቋንቋ ሲሻገር የተዛባ ነገር ሊኖር ይችላል ብሎ እዚያው ወረቀቱ ላይ አስፍሯል። ስተርጅን ፈጽሞ ውሸት ነው አለች። ፈረንሳዮቹም አስተባበሉ።

ኤፕሪል 5 ቻናል 4 ቴሌቪዥን ካርማይክልን ጠየቀው። ነገሩን መጀመሪያ የሰማሁት ጋዜጠኛ ደውሎልኝ ነው ብሎ መለሰ። ሜይ 7 ተመረጠ። ሜይ 22 የመንግሥት ምርመራ ውጤት ወጣ፦ ሰነዱን ለጋዜጣው ያቀበለው የካርማይክል አማካሪ ነው፣ ያቀበለውም ካርማይክል እያወቀና እየፈቀደ ነው። ያኔ አመነ። ይቅርታ ጠየቀ፣ ከሚኒስትርነት ሲወጣ የሚገባውንም ክፍያ አልወስድም አለ። አሁንም ሚኒስትር ብሆን ኖሮ ሥልጣን ለመልቀቅ የሚያበቃ ጉዳይ ነው ብሎም ጻፈ። ወንበሩን ግን አልለቀቀም። ሰዉ የተንገፈገፈው እዚህ ላይ ነው። ከሚኒስትርነት የሚያስነሳ ጥፋት ከሕዝብ ተወካይነት የማያስነሳው በምን ሂሳብ ነው?

«ሁሉም የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ሴራ ነው»

ፓርቲው ይልቀቅ ማለቱ እውነት ነው። ደጋፊዎቹም ለክሱ ገንዘብ አዋጥተዋል። ግን እነዚህ ደሴቶች የነፃነት ጥያቄ ምሽግ አይደሉም። በ2014ቱ ሕዝበ ውሳኔ ኦርክኒ 67.2 በመቶ፣ ሼትላንድ 63.7 በመቶ «ነፃነት አንፈልግም» ብለው ነው ድምፅ የሰጡት። የኦርክኒው በመላ ስኮትላንድ ከፍተኛው ነው። ወንበሩም ከ1950 ጀምሮ ከሊበራሎችና ከወራሻቸው ከካርማይክል ፓርቲ ከሊበራል ዴሞክራቶች እጅ ወጥቶ አያውቅም። ተዋሸሁ ብሎ ለመቆጣት የፓርቲ መታወቂያ አያስፈልግም።

«ፍርድ ቤቱ ነፃ አወጣው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

በብሪታንያ የምርጫ ውጤት በፍርድ ቤት ይሰረዝልኝ የሚል ሰው ያለው ጊዜ 21 ቀን ነው። ምርመራው ይፋ የሆነው ሜይ 22 ስለሆነ ለመራጮቹ የቀራቸው አንድ ሳምንት ገደማ ነበር። በዚያች ሳምንት አራቱ ጠበቃ ይዘው፣ ማመልከቻ ጽፈው አስገቡ። ለወጪው በኢንተርኔት ከሕዝብ የሰበሰቡት መዋጮ ከ100 ሺህ ፓውንድ በላይ ደረሰ።

የያዙት የ1983ቱ የምርጫ ሕግ አንቀጽ 106ን ነው። አንቀጹ ስለ አንድ ዕጩ ግላዊ ባሕርይ ወይም ምግባር ሐሰት መናገርን ይከለክላል። በ2010 ፊል ዉላስ የተባለ የሌበር ተወካይ በዚሁ አንቀጽ ወንበሩን አጥቷል። እሱ ግን የዋሸው በተፎካካሪው ላይ ነው። ካርማይክል የዋሸው ስለ ራሱ ነው። አንቀጹ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ይሠራል?

ዳኞቹ ሌዲ ፓተንና ሎርድ ማቲውስ ዲሴምበር 9 ቀን 2015 ውሳኔ ሰጡ። አዎ፣ አንቀጹ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውንም ውሸት ሊመለከት ይችላል አሉ። አዎ፣ ካርማይክል ዋሽቷል አሉ። አዎ፣ የዋሸውም ለምርጫው እንዲጠቅመው ነው አሉ። ክሱ የወደቀው በመጨረሻዋ ነጥብ ነው፦ ውሸቱ ስለ «ግላዊ ባሕርዩ» የተነገረ መሆኑ ከጥርጣሬ ባለፈ አልተረጋገጠም። ካርማይክል ያለው ስለዚህ አንድ ሰነድ አላውቅም ነው። እኔ ሰነድ የማሾልክ ሰው አይደለሁም፣ ክብሬ አይፈቅድም ብሎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ልዩነቱ በጣም ቀጭን ነው። የሚጠየቀው የማስረጃ ልክ ደግሞ ለወንጀል ክስ የሚጠየቀው ዓይነት ነው። ዳኞቹ ሕጉን እንዳለ ተረጎሙት፤ በዚህ አልወቅሳቸውም። ሕጉ ግን ውሸትን በሙሉ እንደማይከለክል በዚህ ታወቀ። «ክሱ ወደቀ» እና «ነፃ ወጣ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ። ካርማይክል ካሸነፈ በኋላ 150 ሺህ ፓውንድ የሚሆነውን የጠበቃ ወጪዬን ከሳሾቹ ይክፈሉኝ ብሎ ጠየቀ። ዳኞቹ በ2016 መጀመሪያ ላይ እምቢ አሉት፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የራሱ አድራጎት ነው። ሁለቱም ወገን የየራሱን ቻለ።

«ሕዝቡ የእውነት ከፈለገ ሊያወርደው ይችል ነበር»

በምን? ያኔ ተወካይን በፊርማ የማውረድ ሥርዓት ሥራ ላይ አልዋለም ነበር። ሕጉ የጸደቀው በዚያው ዓመት ማርች ላይ ቢሆንም ሥራ ላይ የዋለው በ2016 ነው። ቢውልም አይረዳቸውም ነበር። የምርጫ ክልሉ 10 በመቶ መራጭ ከፈረመ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፣ እውነት ነው። ግን ፊርማ መሰብሰብ የሚጀመረው ተወካዩ ወንጀል ሠርቶ እስር ከተፈረደበት፣ ወይም ፓርላማው ቢያንስ ለ10 የፓርላማ ስብሰባ ቀን ካገደው፣ ወይም በወጪ ማጭበርበር ከተፈረደበት ነው። «ዋሽቶኛል፣ አመኔታ አጥቼበታለሁ» የሚል በር የለውም።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54(7) ተወካይ የመራጮቹን አመኔታ ሲያጣ በሕግ መሠረት ከቦታው እንደሚነሳ ይናገራል። እንግሊዞቹ ይህን ያህል እንኳ በጽሑፍ የላቸውም። ተግባር ላይ ስንመጣ ግን የእኛም መራጭ መቼ ተጠቅሞበት ያውቃል?

«ደግመው መረጡት፤ ይቅር ብለውታል ማለት ነው»

በ2017 በ4,563 ድምፅ ልዩነት አሸነፈ። በ2019ም በ2024ም አሸንፏል። ይህን የሚክድ የለም። ለብዙ ነገር የሚደክም ተወካይ ነው የሚሉት የአካባቢው ሰዎችም አሉ፣ ይሄም ክብደት አለው። ግን 2017 ሌላ ጥያቄ የተጠየቀበት ዓመት ነው። ስተርጅን ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ እፈልጋለሁ ባለች በወራት ውስጥ ነው ምርጫው የመጣው። ፓርቲዋ በመላ ስኮትላንድ ከ56 ወንበር ወደ 35 ወረደ። 67 በመቶው «አንፈልግም» ባለበት ደሴት ሰዉ ድምፁን የሰጠው ያንን እያሰበ ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ትክክለኛው ጥያቄ መጠየቅ የነበረበት በ2015 ነው። በ2010 የካርማይክል ብልጫ 9,928 ነበር። በ2015 ወደ 817 ወረደ፣ ያውም ሰዉ ውሸቱን ሳያውቅ። ለእሱ ከሰጡት ውስጥ 409 ሰው ወደ ተፎካካሪው ቢያዞር ውጤቱ ይገለበጥ ነበር። 409 ሰው ማለት ጥቂት አውቶቡስ ነው። እነዚያ ሰዎች እውነቱን ሜይ 6 ማታ ቢያውቁ ሜይ 7 ጠዋት ለማን ድምፅ ይሰጡ እንደነበር የጠየቃቸው የለም።