በአሜሪካ የጠመንጃ ክርክር ስም የሚያወጣው ማን ነው?

አሜሪካ ውስጥ የጦር መሣሪያ መብት ሲነሳ ጭቅጭቁ ገና ከስሙ ይጀምራል። አንዱ «የጠመንጃ ቁጥጥር» የሚለውን ሌላው «የጠመንጃ ደህንነት» ብሎ ያቀርበዋል። በቃላቱ ዙሪያ በተደጋጋሚ የሚነገሩ፣ ግን ልክ ያልሆኑ ነገሮችን እንይ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኤአር-15 ላይ ያለው ኤአር አሶልት ራይፍል ማለት ነው»

አይደለም። በ1950ዎቹ መሣሪያውን ከነደፈው አርማላይት ከተባለው ኩባንያ ስም የመጣ ነው። አሶልት ራይፍል የወታደር መሣሪያ ነው፤ ቃታውን ስበው ከያዙት ሊያንጣጣው ይችላል። ለሲቪል የሚሸጠው ኤአር-15 ግን ቃታው በተሳበ ቁጥር የሚተኩሰው አንድ ጥይት ነው። ይህን የሳተ ሰው ወዲያው «ስለ መሣሪያ ምን ታውቃለህ?» ተብሎ አፉን ይዘጋል። ስሙን ቢስትም ስለ ሕጉ ያነሳው ጥያቄ ግን ልክ ሊሆን ይችላል።

«አሶልት ዌፐን ትርጉም የሌለው የፖለቲካ ቃል ነው»

ፖለቲካማ አለበት። ግን ቢል ክሊንተን በ1994 የፈረሙት ሕግ ትርጉም ሰጥቶታል። አንዳንዱን መሣሪያ በስም ጠርቶ ከለከለ፤ ለሌላው መስፈርት አወጣ። ጥይት የሚይዘው ካዝናው የሚነቀል ከፊል አውቶማቲክ (ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት የሚተኩስ) ጠመንጃ ሆኖ፣ እንደ ተጣጣፊ ሰደፍ፣ የሽጉጥ ዓይነት መያዣና የሳንጃ መሰኪያ ካሉት ነገሮች ሁለቱ ካሉበት ተከለከለ። ቀዳዳውም እዚሁ ላይ ነበር። አምራቾች የሳንጃ መሰኪያውን የመሳሰሉትን አንስተው፣ አተኳኮሱ ያልተለወጠ ጠመንጃ በሌላ ስም መሸጥ ቀጠሉ። በእኔ ዕይታ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዙ አዳዲስ ካዝናዎችን መከልከሉ የበለጠ ክብደት ነበረው። ግን እሱ ለርዕሰ ዜና አይመችም። ሕጉ በ2004 ሳይታደስ ቀረ።

ሌላኛው ወገንም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ2009 የመሣሪያ ኢንዱስትሪው ማኅበር እነዚሁ ጠመንጃዎች «ዘመናዊ የስፖርት ጠመንጃ» እንዲባሉ ዘመቻ ጀመረ።

«ሳይለንሰር የፊልም ቃል ነው፤ የሚያውቅ ሰው ሰፕረሰር ይላል»

ሁለቱም አፈሙዝ ላይ የሚገጠም የተኩስ ድምፅ መቀነሻ ስሞች ናቸው። ፈልሳፊው ሃይራም ፐርሲ ማክሲም ራሱ «ማክሲም ሳይለንሰር» ብሎ ነው የሸጠው። የ1934ቱ የፌዴራል ሕግም ሳይለንሰር ይለዋል። ፊልም ያሳሳተን በስሙ ሳይሆን በድምፁ ነው፦ ዕቃው የተኩሱን ድምፅ ይቀንሰዋል እንጂ ሹክሹክታ አያደርገውም።

«የጅምላ ተኩስ ቁጥር ከተለያየ አንዱ ዋሽቷል»

ላይዋሽ ይችላል። ኤፍቢአይ በ2021 ሰው በሚበዛበት ቦታ ታጣቂ ሰዎችን ለመግደል የተነሳባቸው 61 ክስተቶችን መዘገበ። ገን ቫዮለንስ አርካይቭ የተባለው ድርጅት ደግሞ ከተኳሹ ውጪ አራትና ከዚያ በላይ ሰው የተመታበትን ሁሉ ስለሚቆጥር ከ600 አለፈ። ቁጥር ሲጠቀስ «ምን ተብሎ የተቆጠረ?» ማለት ነው።

«የጠመንጃ ጥቃት ማለት ግድያ ነው»

ብዙ ሰው የሚሰማው እንደዚያ ነው። በ2021 በጠመንጃ ከሞቱት 48,830 ሰዎች ውስጥ ግን 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ግድያውም ቢሆን፣ የመሣሪያው ዓይነት በታወቀበት አብዛኛው የተፈጸመው በሽጉጥ ነው። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ግን ረጅሙን ጠመንጃ ምን ብለን እንጥራው በሚለው ላይ ነው።