የኪራይ ተመላሽ ምንድን ነው? ሰፈርን ከሰፈር ሲያወዳድሩ የት ላይ ይሳሳታሉ?

የኪራይ ተመላሽ ማለት ቤቱ በዓመት የሚያስገባው ኪራይ ከወጣበት ገንዘብ ስንት በመቶ እንደሆነ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ሬንታል ዪልድ የሚሉትም አሉ። የወር ኪራዩን በ12 ያባዙ፣ ለቤቱ ዋጋ ያካፍሉ፣ በ100 ያባዙ። ስሌቱን የአምስተኛ ክፍል ተማሪም ይሠራዋል፤ ሰው የሚሳሳተው በሚያስገባቸው ቁጥሮች ነው።

አዲስ አበባ ዳር ካሉት ሳይቶች በአንዱ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም በ4,000,000 ብር ይሸጣል፣ በወር 18,000 ይከራያል እንበል። ቦሌ ያለ አፓርታማ ደግሞ 15,000,000 ይሸጣል፣ 60,000 ይከራያል። ቁጥሮቹን የወሰድናቸው ለማሳያ ነው፤ የሰሞኑ ገበያ ዋጋ አይደሉም። የዳሩ ቤት በዓመት 216,000 ያስገባል፤ 5.4 በመቶ ማለት ነው። የቦሌው 720,000 ያስገባል፤ 4.8 በመቶ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቆሞ «ዳር ይሻላል» ይላል።

ይህ ግን ወጪ ያልተቀነሰበት ጥቅል ተመላሽ ነው። ወደ የተጣራው እንሂድ። ለስም ማዛወሪያ፣ ለቴምብር ቀረጥና ለደላላ የዋጋውን 6 በመቶ ብንይዝ ዳሩ ላይ 240,000 ይጨመራል። ኮንዶሚኒየሙ ሙሉ ፊኒሺንግ የሌለው ከሆነ ሴራሚክ፣ የኪችን ካቢኔትና የውስጥ በር 500,000 ይበላል እንበል። ስለዚህ ከኪስ የወጣው 4,740,000 ነው። ከኪራዩ ላይ ደግሞ ቤቱ ባዶ የሚቆይበት አንድ ወር 18,000፣ ለጥገና ሌላ 18,000 ይነሳል። 180,000 ይቀራል፤ 3.8 በመቶ። ቦሌ ያለው ተጠናቆ የተሸጠ ነው፦ 15,900,000 ወጥቶበታል፤ የአንድ ወር ባዶነት 60,000 እና ጥገና 24,000 ሲቀነሱ 636,000 ይቀራል፤ 4.0 በመቶ። ደረጃው ተገለበጠ። የገለበጠውም በማስታወቂያው ላይ ያልነበረው ፊኒሺንግ ነው።

ግብሩን ለብቻ ያስቀመጥነው በምክንያት ነው። የኪራይ ገቢ ግብር በእርከን እየጨመረ የሚሄድ ሲሆን ከፍተኛው እርከን 35 በመቶ ነው። የሚሰላውም በአንድ ባለቤት የኪራይ ገቢ ድምር ላይ ነው። ሌላ ቤት የሚያከራይ ሰውና የመጀመሪያ ቤቱን የሚገዛ ሰው ከዚያው ቤት እኩል አይቀራቸውም። ትልቅ ኪራይ ወደ ላይኛው እርከን ስለሚገባ ቦሌ ያገኛት የ0.2 ብልጫ በግብር ልትጠፋ ትችላለች። ስለዚህ ሰፈሮችን ከግብር በፊት አወዳድሩ፤ ከዚያ የራሳችሁን ግብር በወቅቱ እርከን ቀንሱ።

ሌላው ስሕተት የክፍለ ከተማን ስም እንደ ሰፈር መውሰድ ነው። «ለሚ ኩራ» ሲባል አያትም ቦሌ አራብሳም አለበት፤ ሁለቱን በአንድ አማካይ መደመር ለማንም አይጠቅምም። ሳይት ከሳይት፣ ከተቻለ ብሎክ ከብሎክ አወዳድሩ፤ የቤቱ ዓይነትም አንድ ይሁን። የስቱዲዮ ተመላሽ ከባለ ሦስት መኝታ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። አንዱ ሰፈር ላይ ስቱዲዮ፣ ሌላው ላይ ባለ ሦስት መኝታ ከወሰዳችሁ የለካችሁት የቤት ስፋትን ነው። ፎቁም ይታይ፦ ሊፍት በሌለው የ20/80 ኮንዶሚኒየም ሕንፃ አራተኛ ፎቅ በኪራይም በሽያጭም ከመጀመሪያው ፎቅ ይረክሳል፤ ግን ኪራዩና የሽያጭ ዋጋው እኩል አይረክሱም።

ቆየት ያሉ ባለቤቶች «እኔ እኮ 14 በመቶ እያገኘሁ ነው» ሲሉ ትሰማላችሁ። ውሸት አይደለም፤ ያንኑ ቤት በ1,500,000 ገዝተውት ከሆነ 216,000 ከዚያ 14.4 በመቶ ነው። ዛሬ በ4,000,000 ለሚገዛ ሰው ግን ምንም አይነግረውም። ለማወዳደር ሁልጊዜ የዛሬውን ዋጋ ተጠቀሙ፤ እሱም ደላላው የሚጠራው ሳይሆን ሻጭና ገዢ ተስማምተው የፈጸሙበት ይሁን። በኪራይ በኩል ለአንዱ ደላላ እንደ ተከራይ፣ ለሌላው እንደ አከራይ ደውሉ። እውነተኛው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ መካከል ይገኛል።

ተከራይ ያለበትን ቤት ስትገዙ ደግሞ የሚቆጠረው በውሉ ላይ የተመዘገበው ኪራይ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል ከሚያወጣው ጣሪያ እንዳያልፍ ደንግጓል። «ገዝቼ ኪራዩን አስተካክለዋለሁ» ብሎ ስሌት መሥራት አያዋጣም።

የብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ 7 በመቶ ሆኖ ሳለ 4 በመቶ የሚያስገባ ቤት መግዛት ሞኝነት ይመስላል። ገዢው የሚተማመነው በዋጋው መወደድ ነው። መብቱ ነው፤ ግን ያ ሌላ ስሌት ነው፣ ከኪራይ ተመላሹ ጋር አይደመርም።

ቤቱን ስታዩ ቧንቧ ከመክፈታችሁ በፊት የጎረቤቶችን በረንዳ ተመልከቱ። የተደረደሩ በርሜሎችና ቢጫ ጀሪካኖች ካሉ ውሃው በተራ ነው የሚመጣው። ታንከርና ፓምፕ ከሌለ ተከራዩ ወይ ኪራይ ያስቀንሳል ወይ ቶሎ ይለቃል። ያን ጊዜ ስሌቱ ላይ የያዝናት የአንድ ወር ባዶነት ሁለት ትሆናለች፤ የዳሩ ቤት 3.8 ወደ 3.4 ይወርዳል።