«በኃይል አረፈ» ማለት «ተከሰከሰ» ማለት ነው?

ሞተሩ የተበላሸ ሄሊኮፕተር በኃይል አረፈ በተባለ ቁጥር «ወደቀ ላለማለት ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። በኃይል ማረፍ ማለት፣ አብራሪው እየተቆጣጠረው ከተለመደው በፈጠነ አወራረድ መሬት ነካ ማለት ነው።

ብዙዎችን የሚያደናግረው ሞተር ከጠፋ ሄሊኮፕተር እንደ ድንጋይ ይወርዳል የሚለው እምነት ነው። ሞተሩ ሲቆም ሮተሩ፣ ማለትም ከላይ የሚሽከረከሩት ክንፎች፣ ከእሱ ተላቅቆ በነጻ መሽከርከር ይችላል። አብራሪው ወዲያው የሮተሩን ክንፎች ማዕዘን ይቀንሳል፤ ሄሊኮፕተሩ ሲወርድ ከታች የሚመጣው አየር ሮተሩን ማሽከርከሩን ይቀጥላል። መሬት ሲቃረብ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በመጨረሻም ማዕዘኑን ጨምሮ በሮተሩ የተጠራቀመውን ጉልበት ማረፊያውን ለማለስለስ ያውለዋል። ይህ ጉልበት የሚበቃው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። አብራሪው ትንሽ ከፍ ብሎ ሳለ ከጨረሰው የቀረውን ርቀት የሚያለሰልስለት ነገር የለም። እኔ ይህን ውድቀት ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል፤ ሰው ያተረፈ ሥራ ነውና።

በመዝገብ ግን «አደጋ» ሊባል ይችላል። የአውሮፕላን አደጋ ምርመራን በሚመለከተው የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ (አባሪ 13) መሠረት የሚታየው ጉዳቱ ነው። ለምሳሌ ጉዳቱ በሞተሩ ብቻ ከተወሰነና ሰው ካልተጎዳ አደጋ አይባልም። የጅራቱ ምሰሶ ከተሰበረ ግን፣ ሁሉም በእግራቸው ቢወጡም አደጋ ነው።

ከስንት ፍጥነት በላይ «በኃይል» እንደሚባልና ከዚያ በኋላ ምን እንደሚፈተሽ ግን እንደየሞዴሉ ይለያያል፤ የሚወስነው የአምራቹ የጥገና መመሪያ ነው።