ቬንትሌተር ላይ ያለ አራስ በየት በኩል ይተኛ? አተኛኘትና የሳምባ ኢንፌክሽን

ቬንትሌተር በራሱ መተንፈስ ያቃተውን አራስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀኑ የተወለደውን፣ በአፉ ወይ በአፍንጫው ወደ አየር ቧንቧው በገባ ቀጭን ቱቦ አየር እየሰጠ የሚያቆይ ማሽን ነው። ህይወት ያተርፋል፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። ግን ያው ቱቦ ለባክቴሪያም መንገድ ይከፍታል፣ ህጻኑ ማሽኑ ላይ 48 ሰአት ካለፈው በኋላ የሚመጣው የሳምባ ምች ደሞ የጨቅላ ህጻናት ፅኑ ህክምና ክፍል ውስጥ በጣም ከሚፈሩት ነገሮች አንዱ ነው፣ ማሽኑ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ ያረዝማል፣ አንቲባዮቲክ ያስጨምራል፣ አንዳንዴም ይገድላል። እንደ ክሌብሴላ፣ ሱዶሞናስና አሲኔቶባክተር ያሉት የሆስፒታል ባክቴሪያዎች ብዙ መድሃኒት የለመዱ ስለሆኑ ከያዙ በኋላ ማከም ከባድ ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለው ቱቦው ጋ ነው። አዋቂ ሰው የሚገባለት ቱቦ ጫፉ አካባቢ የምትነፋ ፊኛ አለችው፣ እሷ ዙሪያውን ትዘጋለች። ለአራስ ግን እንደ ክብደቱ ውስጡ 2.5፣ 3 ወይ 3.5 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ ነው የሚገባለት፣ ብዙውን ጊዜም ፊኛ የለውም፣ ስለዚህ በቱቦውና በአየር ቧንቧው ግድግዳ መሀል ክፍተት ይቀራል። ህጻኑ በጀርባው ሲተኛ ጉሮሮው ላይ የሚጠራቀመው ምራቅ፣ ከጨጓራ የተመለሰ ወተትም ካለ እሱ ጭምር፣ በዚያ ክፍተት ወደ ሳምባ ሾልኮ ይገባል። በጎኑ ሲተኛ ግን የአየር ቧንቧው አግድም ይሆናል፣ ምራቁም በአፉ ጥግ ወደ ውጪ ይፈሳል። አንሶላው ይረጥባል እንጂ ሳምባው ይተርፋል ማለት ነው።

ይሄን ተመራማሪው ሃኒ አሊና ባልደረቦቹ በአራሶች ላይ ሞክረውት እ.ኤ.አ. በ2008 ፔዲያትሪክስ መጽሔት ላይ አውጥተውታል። 60 ህጻናት ነበሩ፣ ግማሾቹ በጀርባ ግማሾቹ በጎን ተኙ፣ በ5ኛው ቀን ከቱቦው በተወሰደው ናሙና ባክቴሪያ የተገኘው በጀርባ ከተኙት 87 በመቶው ላይ፣ በጎን ከተኙት ግን 30 በመቶው ላይ ብቻ ነው። ምንም ወጪ ለሌለው ነገር ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው፣ እኔ በበኩሌ ከዚህ በላይ ሊወራለት ይገባ ነበር እላለሁ። ግን ቱቦ ላይ ባክቴሪያ መገኘትና የሳምባ ምች መያዝ አንድ አይደሉም፣ 60 ህጻንም ጥቂት ነው። የህክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ዳሰሳ 19 ጥናቶችንና 516 ህጻናትን አንድ ላይ አይቶ በሆድ መተኛት ኦክስጅንን ትንሽ ከፍ እንደሚያደርግ ቢያገኝም የትኛውም አተኛኘት ዘላቂ ጥቅም እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም።

የአልጋን ራስጌ ከፍ ማድረግ የሚባለውስ? እሱ ከአዋቂዎች የመጣ ነው፣ ባርሴሎና ውስጥ ተሰርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት የህክምና መጽሔት ላይ በወጣው ጥናት 45 ዲግሪ ቀና ብለው የተኙት ታማሚዎች ጠፍጣፋ ከተኙት በጣም ባነሰ ሁኔታ ነበር የሳምባ ምች የያዛቸው። ለአራስ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ይደረጋል፣ ከጨጓራ የሚመለሰውን ይቀንሳል ተብሎ። ችግሩ ራስጌው ከፍ ባለ ቁጥር የአየር ቧንቧውም ቁልቁል ይሆናል፣ ጉሮሮ ላይ የተጠራቀመው ምራቅ ደሞ መውረጃ ያገኛል፣ ስለዚህ ፊኛ ለሌለው ቱቦ የአዋቂውን መመሪያ እንዳለ መገልበጥ ብዙም አያስኬድም።

ሌላም የሚያስጨንቅ ነገር አለ። ከ32 ሳምንት በፊት የተወለዱት የአንጎል ደም መፍሰስ ስለሚያሰጋቸው በመጀመሪያዎቹ 72 ሰአታት ብዙ ክፍሎች ጭንቅላታቸው ወደ ጎን እንዳይዞር፣ ከሰውነታቸው ጋር እንዲስተካከል ያደርጋሉ። በጎን ማስተኛት ካስፈለገ አንገት ሳይጣመም መላ ሰውነቱ አንድ ላይ ነው የሚዞረው።

ማዞሩ ራሱ ስራ ነው፣ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንዷ ነርስ ቱቦውን ትይዛለች ሌላዋ ህጻኑን። አገጩ ወደ ደረቱ ከወረደ ቱቦው ወደ ውስጥ ይገባል፣ አንገቱ ወደ ኋላ ከሄደ ደሞ ወደ ውጪ ይወጣል፣ እዚህች ሰውነት ላይ አንድ ሴንቲሜትር ብዙ ነው። ከመዞሩ በፊት አፉ ይጠረጋል፣ የማሽኑ ቱቦ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃም ወደ ህጻኑ እንዳይፈስ ቀድሞ ይደፋል፣ ይሄኛው በችኮላ በቀላሉ ይረሳል፣ ባክቴሪያ ያለበት ውሃ ስለሆነ ግን መረሳት አልነበረበትም።

አተኛኘት ብቻውን ግን የትም አያደርስም። እጅ መታጠብ ወይ በአልኮል ማሸት፣ የእናት ጡት ወተት፣ ከሁሉም በላይ ደሞ ህጻኑን ቶሎ ከማሽኑ ማላቀቅ ነው ኢንፌክሽን የሚቀንሰው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ባሉ ሆስፒታሎች እየተለመደ የመጣው፣ አየርን በአፍንጫ በኩል በግፊት የሚሰጠው ባብል ሲፓፕ ጥሩ ጎኑም ይሄ ነው፣ ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ አይገባም።

ወላጆች ሆስፒታል ውስጥ ልጃቸው በሆዱ ተኝቶ ሲያዩ ቤትም እንደዛ ማስተኛት ይቃጣቸዋል። እዚያ በሆድ የሚተኛው ሞኒተር ስላለና ነርስ ስለምታየው ነው። ቤት ውስጥ በሆድ መተኛት ለድንገተኛ የጨቅላ ሞት ስለሚያጋልጥ የአሜሪካ የህጻናት ሐኪሞች አካዳሚ ያለቀኑ የተወለደ ህጻን ጤናው ከተረጋጋ፣ ከእርግዝናው ጀምሮ ሲቆጠር 32 ሳምንት ላይ ሲደርስ እዚያው ሆስፒታል እያለ በጀርባው መተኛት እንዲለምድ ይመክራል።