የፋብሪካ ጭስ፣ የኩበት ጭስና የጤና አገልግሎት በሰሜን ሸዋ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ስሟ ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው ብርዷ ነው። በ1950ዎቹ የተተከለው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ለረጅም ዘመን የከተማዋ መለያ ሆኖ ከኖረ በኋላ፣ የቢራ ፋብሪካዎችና በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ተጨምረውበታል። ከከተማዋ ውጭም በእንሳሮ ወረዳ ለሚ ላይ በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሲሚንቶ ፋብሪካ በቀን 150,000 ኩንታል የማምረት አቅም እንዳለው ተገልጿል።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ግን ያሳስታል። የሲሚንቶ ሥራ ድንጋይ ከሚፈነዳበት ካባ አንሥቶ እስከ ወፍጮው፣ እስከ እቶኑና እስከ ጭነት መኪናው ድረስ አቧራ ያስነሣል፤ የጨርቃ ጨርቅ ሥራ በአንጻሩ ዋናው ጉዳቱ በፋብሪካው ውስጥ፣ የጥጥ ብናኝ በሚተነፍሱት ሠራተኞች ላይ ነው። ለጤና ይበልጥ የሚያሰጋው ዲያሜትሩ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጥ፣ በዓይን የማይታይና ወደ ሳንባ ጥልቀት የሚዘልቅ ብናኝ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ባሻሻለው መመሪያ ዓመታዊ አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

በደጋው ሸዋ ይህ ብናኝ የሚወጣው ከጭስ ማውጫ ብቻ አይደለም። እንጨት በራቀበትና ብርዱ በር በሚያዘጋበት አገር እንጀራው የሚጋገረው በአብዛኛው በኩበት ነው፤ ጭሱንም ከሁሉ በላይ የሚጠጡት እናቶችና ጀርባቸው ላይ ያሉ ሕፃናት ናቸው። ውርጭ በሚወርድባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች ቀዝቃዛው አየር ከመሬት ሳይነሣ ስለሚያድር፣ የምድጃውም የፋብሪካውም ጭስ ከቤቶቹ በላይ ተኝቶ ይነጋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ፣ ማለትም «ኅዳር ሲታጠን»፣ የ1911ዱ ወረርሽኝ መታሰቢያ ነው፤ ያን ጊዜ በሽታ እንዲያባርር የታሰበው ጭስ ዛሬ በዚሁ ወቅት ሳል የሚያባብስ መሆኑ የሚገርም ነው።

የሕክምናው አገልግሎት በዞኑም እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ከጤና ኬላ ይጀምርና በጤና ጣቢያ፣ እንደ መሐል ሜዳና አረርቲ ባሉ ከተሞች በሚገኙ ሆስፒታሎች በኩል እስከ ደብረ ብርሃን ሪፈራል አገልግሎት ይደርሳል። በጤና ኬላው የተመደበችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሳንባ ምች የምትለየው ትንፋሽ በመቁጠር ነው፤ ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን አተነፋፈስ ይባላል። በዚህ መንገድ ብዙ ሕፃናት በጊዜ መድኃኒት ያገኛሉ። ሆኖም የተመላላሽ ሕክምና መዝገቡ ዕድሜን፣ ጾታን፣ ቀበሌንና የበሽታውን ስም ሲይዝ፣ በቤት ውስጥ ምን እንደሚነድ ወይም ታማሚው የት እንደሚሠራ የሚጻፍበት ዓምድ አያካትትም። ስለዚህ የካባው ሠራተኛና በማዕድ ቤት የዋለችው እናት በአንድ ስም፣ «የመተንፈሻ አካላት ኢንፌክሽን» ተብለው ይመዘገባሉ። ፋብሪካውን ለመክሰስም ሆነ ነጻ ለማውጣት በዚህ መዝገብ ላይ መመሥረት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ሕጉ አልጎደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይደነግጋል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም በሥራ ላይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ማዕድ ቤቱ መስኮት እንዲኖረው ትመክራለች እንጂ የፋብሪካውን የጭስ ማውጫ የመቆጣጠር ሥልጣን የላትም፤ ይህ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ድርሻ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በበኩሉ አደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሠራተኞች በአሠሪው ወጪ የጤና ምርመራ እንዲደረግላቸው ያዛል። እዚህ ላይ የምርመራው ቀን ራሱ ለውጥ ያመጣል፤ በጥጥ ብናኝ የሚመጣው ባይሲኖሲስ የተባለ የሳንባ በሽታ በመጀመሪያ ደረጃው የሚሰማው ከእረፍት በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ስለሆነ፣ ሰኞ ደረቱ የታፈነ ሠራተኛ ሐሙስ ቢመረመር ጤነኛ ሊመስል ይችላል።