አንገት ለአንገት የተጠናቀቁ የመኪና ውድድር ዘመናት

በመኪና ውድድር አንድ የውድድር ዘመን የሚባለው ከመጀመሪያው ውድድር እስከ መጨረሻው ያለው ጊዜ ነው። አሽከርካሪው በየውድድሩ በወጣበት ደረጃ ነጥብ ይይዛል። መጨረሻ ላይ ተደምሮ ብዙ ያለው ሻምፒዮን ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ አሸናፊው ቀደም ብሎ ይታወቃል። አንዳንድ ዓመት ግን ወራት የተለፋበት ነገር በ1 ነጥብ፣ አንዴም በግማሽ ነጥብ ተለይቷል። ይህ ዳሰሳ ስለ እነዚያ ዓመታት ነው። ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ አንድ ላይ ተሰብስቦ የተቀመጠ ነገር ማግኘት ይቸግራል። ደብረ ብርሃን ላይ የፎርሙላ ዋን፣ የትልቁ የዓለም የመኪና ውድድር፣ ወሬ የሚደራው ጋራዥ አካባቢ ነው። ይህም ጽሑፍ የተነሳው ከዚያው ነው። ስለዚህ ቡሎንና ዘይት ያለባቸው ዓመታት ሰፋ ብለው ቢቀርቡ አይግረማችሁ።

ስለ ነጥብ አሰጣጡ ትንሽ እንበል። በፎርሙላ ዋን በ1958 ለአንደኛ 8፣ ለሁለተኛ 6፣ ለሦስተኛ 4፣ ለአራተኛ 3፣ ለአምስተኛ 2 ይሰጥ ነበር። ፈጣኑን ዙር ለነዳ 1 ይጨመርለታል። ታዲያ ሁሉም ውጤት አይቆጠርም፤ በዚያ ዓመት የተደመሩት ምርጥ ስድስቱ ብቻ ናቸው። ይህ ውጤት የመጣል ነገር የቀረው በ1991 ነው። ዛሬ ለአንደኛ የሚሰጠው 25 ነጥብ ነው።

1958፦ ከፖርቶ እስከ ካዛብላንካ

የተናነቁት ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው። ማይክ ሆውቶርን በፌራሪ፣ ስተርሊንግ ሞስ በቫንዎል። ሞስ አራት ውድድር አሸነፈ። ሆውቶርን ያሸነፈው አንድ ብቻ ነው። ግን ሁለተኛ እየወጣ ነጥቡን እንደ ጉንዳን ለቀመ።

ነገሩ የተወሰነው ፖርቱጋል፣ ፖርቶ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሞስ እየመራ ነበር። የሆውቶርን መኪና ተሽከርክራ ቆመች፣ ሞተሯም ጠፋ። እሱም ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ አስነሳት። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ብርድ መኪናው አልነሳ ያለው ሰው ቁልቁለት ፈልጎ ሲያስገፋ ያየ ሁሉ ነገሩ ይገባዋል። ዳኞቹ ግን «ከውድድሩ አቅጣጫ በተቃራኒ ነድቷል» ብለው ሊሰርዙት ተነሱ። ያኔ ሞስ ራሱ ሄዶ መሰከረለት። «የነዳው በእግረኛው መንገድ ላይ ነው እንጂ በውድድሩ መንገድ ላይ አይደለም» አለ። የሆውቶርን ሁለተኛነት ጸና።

በዚያው ውድድር ሌላም ነገር ይወራል። የሞስ ቡድን ሆውቶርን ፈጣኑን ዙር እንደያዘ በሰሌዳ ሲያሳየው፣ ሞስ አንዷን ፊደል አሳስቶ አነበበና «ሁሉም እንደነበረ ነው» ብሎ ተረዳ ይባላል። ለዚያ ዙር የምትሰጠዋ 1 ነጥብ ለሆውቶርን ሄደች።

የመጨረሻው ውድድር ኦክቶበር 19 በሞሮኮ፣ ካዛብላንካ ዳር ባለው አይን ዲያብ ተደረገ። ሞስ ማሸነፍና ፈጣኑን ዙር መያዝ ነበረበት። ያም ሆኖ ሆውቶርን ሁለተኛ ከወጣ ዋጋ የለውም። ሞስ የራሱን ድርሻ አንድም ሳያጓድል ፈጸመ። ከኋላው ግን የሆውቶርን የቡድን ጓደኛ ፊል ሂል ሁለተኛነቱን ለሆውቶርን ለቀቀለት። 42 ለ41።

የሞስ የቡድን ጓደኛ ስቱዋርት ልዊስ ኢቫንስ በዚያ ውድድር መኪናው በእሳት ተያይዞ ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ሆውቶርን ከውድድር ወጣ። በጃንዋሪ 1959 በተራ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ አለፈ። ሞስ እስከ 2020 ኖረ፤ አንድም ጊዜ ሻምፒዮን ሳይሆን። እዚህ ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ለሞስ ያደላል። አዘጋጁም ያው ነው።

ቡሎንና ዘይት

ብዙ የውጭ ጸሐፊ ልብ ባይለውም፣ እንዲህ ከተናነቁት ዘመናት ቢያንስ አራቱ የተዘጉት በአፍሪካ ምድር ነው። አንደኛው ከላይ ያየነው ነው። ሌላው 1962 ነው። በወረቀት ላይ ግራሃም ሂል 42፣ ጂም ክላርክ 30 ይላል። ይህን ብቻ ያየ ሰው ምኑ ተናነቀ ሊል ይችላል። ግን ዲሴምበር 29 በደቡብ አፍሪካ ኢስት ለንደን ክላርክ ውድድሩን እየመራ ነበር። ቢያሸንፍ ዋንጫው የእሱ ነው። አንድ ቡሎን ወድቃ ዘይቱ ፈሰሰ፤ በቃ። በ1983 ደግሞ እዚያው ደቡብ አፍሪካ፣ ካያላሚ ላይ የአላን ፕሮስት ቱርቦ፣ ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ክፍል፣ ተበላሸ። ኔልሰን ፒኬ 59 ለ57 ወሰደው።

ክላርክን ዘይት በ1964 እንደገና ጎዳው። ሜክሲኮ ላይ ሦስት ሰዎች ለሻምፒዮንነት ደረሱ፤ ሂል፣ ክላርክና ጆን ሰርቲስ። ሂልን የሰርቲስ የቡድን ጓደኛ ሎሬንዞ ባንዲኒ ገጨውና ከጨዋታ ውጭ ሆነ። ሆን ብሎ ነው የሚሉ አሉ፤ ሂል ራሱ ግን እንደዚያ አላለም። ክላርክ ሲመራ ሲመራ ቆይቶ መጨረሻው ላይ ሞተሩ ዘይት ጨረሰ። ባንዲኒ ለሰርቲስ ቦታ ለቀቀ። ሰርቲስ 40፣ ሂል 39። ሂል በድምር 41 ነበረው፤ ግን ምርጥ ስድስቱ ብቻ ይቆጠራሉና 2 ነጥብ ተጣለበት። ሰርቲስ በሞተር ሳይክልም በመኪናም የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ብቸኛ ሰው ነው።

የሜክሲኮው መንገድ ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ይደክማል ይባልለታል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ለሚሠራ መካኒክ ካርቡራቶር ለከፍታ ማስተካከል የዕለት ተዕለት ሥራው ነው።

1979፦ ድንጋይ

በረጅም መንገድ ውድድር፣ በራሊ፣ የአሽከርካሪዎች የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1979 ነው። ገና በመጀመሪያ ዓመቱ በ1 ነጥብ ተለየ። ስዊድናዊው ቢዮርን ቫልደጎርድ 112፣ ፊንላንዳዊው ሀኑ ሚኮላ 111። የመጨረሻውን ውድድር፣ ኮትዲቯር ላይ፣ ያሸነፈው ሚኮላ ነው። ቫልደጎርድ ግን ሁለተኛ ወጣና በቃው። ሁለቱም በዚያ ጫካ የነዱት መርሰዲስ ነው፤ ትልቁን የቤት መኪና።

ቫልደጎርድ ዓመቱን ሲጀምር ሞንቴ ካርሎን በ6 ሰከንድ ነው ያጣው። በመጨረሻዋ ሌሊት ተመልካች መንገድ ላይ ድንጋይ አስቀምጦበት ነበር። ጣርማ በርን በማታ የወረደ ሹፌር ይህን በደንብ ያውቀዋል። የተበላሸ የጭነት መኪና ጎማ ተደግፎበት፣ መኪናው ሲሄድ ሳይነሳ የቀረ ድንጋይ በጭጋግ ውስጥ ድንገት ከፊትህ ይመጣል። የእኛዎቹ በስንፍና፣ የነዚያኞቹ በተንኮል፤ ለጎማው ግን አንድ ነው።

ወደ ፎርሙላ ዋን ስንመለስ፣ 1976 የታወቀ ነው። ኒኪ ላውዳ ኦገስት 1 ኑርበርግሪንግ ላይ ተቃጠለ። በስድስት ሳምንት ቁስሉ ሳይድን ሞንዛ ተመልሶ አራተኛ ወጣ። ፉጂ ላይ በከባድ ዝናብ «ሕይወቴ ይበልጣል» ብሎ ከሁለት ዙር በኋላ አቆመ። ጄምስ ሃንት ሦስተኛ ወጥቶ 69 ለ68 ወሰደው።

1984፦ ግማሽ ነጥብ

በፎርሙላ ዋን ከሁሉም የጠበበው ይህ ነው። ላውዳና ፕሮስት የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ፤ ሁለቱም ማክላረን። ከ16ቱ ውድድር 12ቱን እነሱ ወሰዱ፤ ፕሮስት 7፣ ላውዳ 5።

ግማሽ ነጥብ ከየት መጣ? ከሞናኮ። ጁን 3 ቀን ዝናቡ አላባራ አለ። ፕሮስት ይመራል። ከኋላው አየርተን ሴና የሚባል ወጣት በደካማ መኪና በየዙሩ እየተጠጋው ነው። ከ31 ዙር በኋላ ውድድሩ ቆመ። ከታቀደው ርቀት በቂው ስላልተነዳ ግማሽ ነጥብ ተሰጠ። ፕሮስት በ9 ፈንታ 4.5 አገኘ። ውድድሩን ያስቆመው የዕለቱ የውድድር ኃላፊ ጃኪ ኢክስ ነው። ኢክስ ለፖርሸ ይነዳ ነበር፤ የፕሮስት ሞተርም ፖርሸ የሠራው ነው። ከዚህ ተነስተው ብዙ የሚያወሩ አሉ። ዝናቡ ግን በእርግጥ ከባድ ነበር።

አስቂኙ ስሌቱ ነው። ውድድሩ እስከ መጨረሻው ተነድቶ ፕሮስት በሴና ተቀድሞ ሁለተኛ ቢወጣ ሙሉ 6 ነጥብ ያገኝ ነበር። ያኔ ሻምፒዮኑ እሱ ነው። ማሸነፉ ጎዳው።

ኦክቶበር 21 ፖርቱጋል፣ ኤስቶሪል። ፕሮስት አሸነፈ። ላውዳ ከ11ኛ ነበር የተነሳው፤ ሁለተኛ መውጣት አለበት። አንድ በአንድ እያለፈ መጣ። ሁለተኛ የነበረው ናይጀል ማንሰል ፍሬኑ ተበላሽቶበት ወጣና ቦታው ለላውዳ ተለቀቀ። 72 ለ71.5።

ከዚያ ወዲህ

በ1994 ሹማከር 92፣ ዴመን ሂል 91፤ ሁለቱ በአዴሌድ ተጋጭተው። በ2007 ኪሚ ራይኮነን 110 ሲይዝ፣ ሃሚልተንና አሎንሶ እኩል 109። በ2008 ፌሊፔ ማሳ ብራዚል ላይ በአገሩ ሕዝብ ፊት አሸንፎ ቤተሰቡ መጨፈር ጀምሯል። ሃሚልተን በዝናብ ለደረቅ መንገድ በተሠራ ጎማ የሚንሸራተተውን ቲሞ ግሎክን በመጨረሻው ዙር መጨረሻ ላይ አልፎ አምስተኛ ገባ። 98 ለ97። እኛ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ነበር፤ የማሳ ደጋፊ የነበረ ሰው ሂሳቡን ከፍሎ ወጥቶ የሆነውን በማግስቱ ነው የሰማው።

በ2021 ቨርስታፐንና ሃሚልተን እኩል 369.5 ይዘው አቡ ዳቢ ገቡ። በመጨረሻዎቹ ዙሮች የደህንነት መኪናው፣ አደጋ ሲደርስ ከፊት ሆኖ ሁሉንም በዝግታ የሚመራው፣ ከመንገዱ ሲወጣ የተሰጠው ውሳኔ ዛሬም ያጨቃጭቃል። የስፖርቱ የበላይ አካል ሰብዓዊ ስህተት እንደነበር አምኗል፤ ውጤቱ ግን ጸንቷል። ዕለቱ በእኛ ታኅሣሥ 3 ቀን 2014 ነበር። ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ከጦርነቱ ከወጡ ሁለት ሳምንት አልሞላቸውም፤ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ሞልታ ነበር። ውድድሩን በቀጥታ ያየ ሰው እዚህ ጥቂት ነው።

ነጥብ እኩል ሆኖ በድል ብዛት የተለየበትም አለ። በአሜሪካው የመኪና ውድድር ናስካር በ2011 ቶኒ ስቱዋርትና ካርል ኤድዋርድስ እኩል 2,403 ነበራቸው፤ ስቱዋርት 5 ድል፣ ኤድዋርድስ 1። በ1967 በ500 ሲሲ ሞተር ሳይክል ደግሞ አጎስቲኒና ሄይልዉድ ነጥባቸውም፣ ድላቸውም እኩል ሆኖ፣ ሁለተኛ የወጡበት ተቆጥሮ አጎስቲኒ ወሰደው።

በ2025 ቨርስታፐን በኦገስት መጨረሻ ከመሪው ፒያስትሪ በ104 ነጥብ ርቆ ነበር። አቡ ዳቢ ላይ የመጨረሻውን ውድድር አሸንፎ 421 ላይ ቆመ። ላንዶ ኖሪስ 423። ልዩነቱ 2 ነው፤ ግን ለአንደኛ 25 በሚሰጥበት ዘመን 2 ነጥብ፣ ለአንደኛ 8 ይሰጥ ከነበረበት ከ1958ቱ 1 ነጥብ ያንሳል። በዚህ ሚዛን በፎርሙላ ዋን ከ1984 ቀጥሎ የጠበበው እሱ ነው። ኖሪስ የሚያስፈልገው ሦስተኛነት ብቻ ነበር፤ ሦስተኛ ወጣ።