ኡንዶካይ፦ ስለ ጃፓን ትምህርት ቤቶች የስፖርት ቀን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ፈጣን ሯጭ ያለው ክፍል ያሸንፋል።»
ሩጫ አለ፤ ነጥቡ ግን የቡድን ነው። አብዛኛው ትምህርት ቤት ቀይና ነጭ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። የልጆቹ ኮፍያ በአንድ በኩል ቀይ ነው፣ ሲገለበጥ ነጭ። ቀለሞቹ ከ1180 እስከ 1185 እ.ኤ.አ. ከተዋጉት ሁለት ወገኖች ሰንደቆች የመጡ ናቸው፦ ቀዩ የታይራ፣ ነጩ የሚናሞቶ።

«ታማይሬ ኳስ ቅርጫት ውስጥ መጣል ነው፤ ምን ችሎታ ይፈልጋል?»
ያለ አግባብ የሚናቅ ጨዋታ ቢኖር ይህ ነው። ጡጫ የሚያክሉ የጨርቅ ኳሶች መሬት ላይ ይበተናሉ፤ ቅርጫቱ ረጅም ምሰሶ ጫፍ ላይ ነው፤ ጊዜው አጭር ነው። ጀማሪ እንደ ድንጋይ ከትከሻው በላይ ይወረውርና ኳሱ ጠርዙን መትቶ ይመለስበታል። ተማሪዎቹ የሚያሳዩት ሌላ ነው፦ እጅን ከታች ወደ ላይ አንስቶ፣ ኳሱ ከቅርጫቱ በላይ ወጥቶ ቁልቁል እንዲገባ ማድረግ። ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ አፍሶ መወርወርም ያዋጣል። ምሰሶው ሥር መታጨቅ ግን ኪሳራ ነው፤ ቀጥ ብሎ የወጣው የቅርጫቱን ታች መትቶ ፊት ላይ ይወርዳል። ጥቂት እርምጃ መራቅ ይሻላል።

ቆጠራው ደግሞ ከውርወራው ይብሳል። በየቡድኑ አንድ ሰው ከቅርጫቱ ኳስ እያወጣ ወደ ላይ ይወረውራል፣ ሜዳው በሙሉ «ሂቶትሱ፣ ፉታትሱ» (አንድ፣ ሁለት) እያለ አብሮ ይቆጥራል። ቀድሞ ያለቀበት ተሸነፈ።

በሰሜን ጃፓን ሆካይዶ ደሴት ባለችው የዋሳሙ ከተማ የአዋቂዎች የታማይሬ ውድድር አለ። እዚያ 100 ኳስ 4.12 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ቅርጫት ውስጥ ቶሎ የጨረሰ ነው አሸናፊው።

«ገመድ ጉተታ የጉልበተኛ ነው።»
ግዙፎቹ ተራ በተራ ሲጎትቱ ትናንሾቹ በአንድ ድምፅ ጎትተው ይረቷቸዋል። ገመዱ ብብት ሥር ይያዛል፣ ሰውነት ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ እግር ከፊት ይተከላል። ገመዱን እጅ ላይ መጠምጠም ክልክል ነው፤ ሲጎተት ጣት ያደቃል። አሸናፊም ገመዱን በድንገት አይለቅም።

«ኪባሴን ጋላቢውን መጣል ነው።»
ሦስት ልጆች ፈረስ ይሆናሉ፣ አራተኛው ይጋልባል። የፊተኛው እጆቹን ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ የኋለኞቹ በውጭ በኩል ያለ እጃቸውን ከእሱ ጋር አቆላልፈው የእግር መርገጫ ይሠራሉ፣ ሌላውን እጃቸውን ትከሻው ላይ ያሳርፋሉ፤ መቀመጫው ይህ ትከሻው ላይ ያረፈው ክንዳቸው ነው። የሚነጠቀው ኮፍያ ወይም የግንባር መቀነት ነው። ፈረሱ ከፈረሰ ጨዋታው አለቀ፤ ስለዚህ የኋለኞቹ ከጋላቢው ይልቅ የፊተኛውን እርምጃ ይከተላሉ።

«የሰው ፒራሚድ የግድ ነው።»
አይደለም። አጥንት የሰበሩ አደጋዎች ከበዙ በኋላ በ2016 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የስፖርት ኤጀንሲ ጥንቃቄ እንዲደረግ አሳሰበ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዉት።

«ሁሌም በኦክቶበር ነው።»
የአገሪቱ የስፖርት በዓል በኦክቶበር የሆነው የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ በኦክቶበር 10 ስለተከፈተ ነው፤ አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያጠለቀበት ኦሎምፒክ። ዛሬ ግን ሙቀቱን ሽሽት ብዙ ትምህርት ቤቶች በሜይ ወይም በጁን ያካሂዱታል።

«ሁሉን የሚመሩት መምህራን ናቸው።»
ማይክሮፎኑን ይዞ ውጤት የሚናገረው፣ ኳሶቹን የሚያቀርበው፣ ጭብጨባውን የሚመራው አብዛኛውን ጊዜ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ደንቡ ያልገባው እንግዳ መጀመሪያ እነሱን ይጠይቅ።